«ወራጅ ሲሉኝ አልሰማም»፦ ደንገጎን ስወርድ የሚደፈነው ጆሮዬ

ጥያቄ፦

«የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ከድሬ ሐረር ሚኒባስ መንዳት ነው። በቀን ሁለት ቢያጆ፣ ገበያ ካለ ሦስት እሠራለሁ። የዛሬ አምስት ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ጉንፋኑ ለቀቀኝ፣ ቀኝ ጆሮዬ ግን እንደተደፈነ ቀረ። ሽቅብ ስወጣ ደህና ነኝ፤ ደንገጎን ቁልቁል ስጀምር ጆሮዬን የሆነ ነገር ይጫነዋል፣ ድሬ ስደርስ ያመኛል። አፍንጫዬን ይዤ በኃይል ስነፋ አንዳንዴ ‹ጧ› ብሎ ይከፈታል፤ ባለፈው ግን አዞረኝ። ከፋርማሲ የገዛሁትን የአፍንጫ ስፕሬይ ከወር በላይ ተጠቅሜያለሁ፤ ካልነፋሁት አፍንጫዬ አይሠራም። እናቴ ጤና አዳም በዘይት አሙቃ ጨመረችልኝ፣ ለውጥ የለም። ተሳፋሪ ‹ወራጅ አለ!› እያለ አልፌው ስንት ጊዜ ተጣላሁ፤ አቦ፣ ሆን ብሎ ነው ይሉኛል። ከሰዓት በኋላ እቅማለሁ፤ ይያያዝ ይሆን? ባለቤቴ ደግሞ የሰባት ወር ልጃችንን ይዛ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ልትመጣ ነው፤ ለልጁም ሰጋሁ።»

የድሬ–ሐረር መስመር ሹፌር

መልስ፦

ወንድማችን፣ ከሁሉ በፊት ጸጥ ያለ ቦታ ይቀመጡና አፍዎን ገጥመው «እምምም» ይበሉ። ድምፁ የሚጎላው በየትኛው ጆሮ ነው? በተደፈነው በቀኙ ከሆነ ችግሩ ድምፅ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው፤ ወይ የጆሮ ቀዳዳው በኩክ ተሞልቷል፣ ወይ ታምቡሩ ወይም ከጀርባው ያለው ክፍል ተነክቷል። ከደብዳቤዎ የምንገምተውም ይህንኑ ነው። በደህናው በግራው ከጎላ ግን የመስሚያ ነርቭ ሊሆን ስለሚችል ንባቡን ይተዉትና ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ጆሮው በአንድ ሌሊት ድንገት ጥፍት ያለበት ሌላ አንባቢ ካለም እንደዚሁ። በነርቭ ምክንያት ድንገት ለሚጠፋ መስማት የሚሰጠው ስቴሮይድ (እብጠትን የሚቀንስ መድኃኒት ነው) የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ ተስፋው ይመነምናል። «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» እየተባለ የሚባክነው ጊዜ ያ ነው። ይህቺ ሙከራ ምርመራን አትተካም፤ ማን መቸኮል እንዳለበት ግን ትጠቁማለች።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ከታምቡሩ ጀርባ አየር የያዘች ትንሽ ክፍል አለች፤ መካከለኛው ጆሮ ይሏታል። አየር የሚገባባትና የሚወጣባት በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከአፍንጫ በስተኋላ፣ ከላንቃ በላይ የሚከፈት ቀጭን ቱቦ ነው። በአዋቂ ሰው 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስሙን ያገኘው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ኢጣሊያዊ ሐኪም ከባርቶሎሜዮ ዩስታኪ ነው፤ ሐኪሞች የዩስቴሺያን ቱቦ የሚሉት እሱን ነው። ይህ ቱቦ እንደ መስኮት ተከፍቶ የሚውል አይደለም። ዝግ ሆኖ ይውላል፤ ስንውጥ ወይም ስናዛጋ የላንቃ ጡንቻ ይስበውና ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ገርበብ ይላል። በዚያች ቅጽበት የውስጡና የውጩ አየር ይመጣጠናል። በመሐሉ የክፍሏ ስስ ሽፋን ውስጥ ያለውን አየር ቀስ በቀስ ይመጥጠዋል። ስለዚህ ቱቦው በጉንፋን አብጦ መከፈት ካቃተው፣ ቁልቁለት ባይኖር እንኳ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ከቆየም ክፍሏ ፈሳሽ ታቁራለች። ድምፁ ከትራስ ስር የሚመጣ የሚመስለው ለዚህ ነው።

የእርስዎ መንገድ ደግሞ ለጆሮ ቀላል አይደለም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደንገጎ አናት ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ 800 ሜትር ያህል ይወርዳሉ ማለት ነው። የአየሩ ግፊት በዚያ መሐል በ60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይጨምራል፤ የደም ግፊት የሚለካበት መስፈሪያ ነው። ቱቦው አንድም ጊዜ ሳይከፈት ድሬ ቢደርሱ፣ ውፍረቱ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር በሆነ ታምቡር ላይ የሚያርፈው ጫና 45 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አንድ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ተቀምጦበታል እንደ ማለት ነው። ማየት ከፈለጉ ደንገጎ አናት ላይ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉና ወንበር ላይ ይተዉት። ድሬ ሲገቡ ተጨማዶ ያገኙታል። ጆሮዎ ውስጥ የሚሆነው እሱው ነው።

ሽቅብ ሲወጡ የማያምዎት በሩ ባለ አንድ አቅጣጫ ስለሚመስል ነው። ሲወጡ የውጩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና ቱቦውን ራሱ ገፍቶ ይወጣል፤ እርስዎ ምንም አላደረጉም። ሲወርዱ ግን በአፍንጫ በኩል ያለው የቱቦው ለስላሳ ጫፍ በውጩ ግፊት ይጨመቃል፤ አየር እንዲገባ ጡንቻው መክፈት አለበት። ልዩነቱ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ከደረሰ ደግሞ ጡንቻው ጨርሶ ያቅተዋል፣ በሩ ይቆለፋል። የእርስዎ መንገድ እዚያ ባያደርስም ያበጠ ቱቦ ከዚያ በፊትም ይሸነፋል። ስለዚህ ጆሮ እስኪያም ተጠብቆ የሚደረግ ነገር ሁሉ የዘገየ ነው። ሥራው የሚጀመረው ገና ከአናቱ፣ ምንም ሳይሰማዎት ነው።

እንዴት? ደንገጎ ላይ ከመውረድዎ በፊት ማስቲካ አፍዎ ውስጥ ይክተቱ። የሚጠቅመው ማኘኩ ሳይሆን ምራቁን መዋጡ ነው። ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ በየግማሽ ደቂቃው ይዋጡ፤ ከንፈርዎን ገጥመው፣ አፍዎን ከውስጥ እንደሚያዛጋ ሰው ከፍተው፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ገፋ ያድርጉ። ይህን ሁለት እጅዎ መሪ ላይ ሆኖ ማድረግ ይችላሉ። አፍንጫ የሚያዝባቸው ሁለቱ ዘዴዎች ግን መኪናው ሲቆም ብቻ ናቸው። አንደኛው፣ አፍንጫን ይዞ አንድ ጉንጭ ውኃ መዋጥ ነው፤ ቀስ ያለ ስለሆነ እኛ የምናስቀድመው እሱን ነው። ሁለተኛው እርስዎ የሚያውቁት መንፋት ነው። አፍንጫን ይዘው፣ አፍ ገጥመው፣ ጉንጭ ሳይወጠር ቀስ ብሎ መግፋት፤ ቢበዛ ለ5 ሰከንድ። አልከፈት ካለ ይተዉት፣ ውጠው ትንሽ ቆይተው ይድገሙት እንጂ ኃይል አይጨምሩ።

ያዞረዎት ኃይሉ ነው። በጣም ሲነፉ በጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊትም አብሮ ይጨምራል፣ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያልፋል፤ የውስጠኛውን ጆሮ ስስ መስኮት የቀደደበት አጋጣሚ አለ። የቀላሉ ጉዳት ደግሞ የአፍንጫን ንፍጥ ወደ መካከለኛው ጆሮ መግፋት ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ምርቀዛ ይሆናል። አፍንጫዎ ወፍራም ቢጫ ንፍጥ ባለው ሰሞን ጨርሶ አይንፉ። ከነፉ በኋላ ዓለም ከዞረችብዎት፣ ጢዝ የሚል ድምፅ ከጀመረዎት ወይም መስማትዎ በአንዴ ከቀነሰ የዕለቱን ሥራ ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

አሁን ደግሞ በደብዳቤዎ ውስጥ ዋና ጥፋተኛ የመሰለን ነገር፦ ስፕሬዩ። ስሙን አልጻፉልንም፤ «ካልነፋሁት አፍንጫዬ አይሠራም» ማለትዎ ግን ይመሰክራል። ዛይሎሜታዞሊን ወይም ኦክሲሜታዞሊን ያለበት ይመስላል። እነዚህ የአፍንጫን የደም ሥሮች አኮማትረው በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታሉ፤ ጠዋት ለአንድ በረራ፣ ለሁለት ሦስት ቀን ጉንፋን ጥሩ ናቸው። ከ3 እስከ 5 ቀን በላይ ሲቆዩ ግን መድኃኒቱ ባለቀ ቁጥር የደም ሥሮቹ ከበፊቱ ብሰው ያብጣሉ፣ ሰውየው እንደገና ይነፋል፣ እንደገና ያብጣል። የቱቦው አፍ ያለው በዚያው በሚያብጠው ሥጋ መሐል ነው። ጉንፋንዎ ከለቀቀዎት ሳምንታት አልፈዋል፤ አሁን ያለው እብጠት በከፊል ወይም በሙሉ የስፕሬዩ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ለመተው የሚቀለው መንገድ በአንድ በኩል መጀመር ነው። ዛሬ በቀኙ ቀዳዳ መንፋቱን ያቁሙ፣ በግራው ይቀጥሉ፤ ስለዚህ ሌሊት ቢያንስ በአንዱ ይተነፍሳሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ክፉ ናቸው። በሳምንት ገደማ ቀኙ ሲከፈት ግራውንም ያቁሙ። በዚህ ጊዜ የሚደግፍዎት ሁለት ነገር አለ።

አንዱ የጨው ውኃ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ ያንፈቅፍቁት፣ ለብ እስኪል ያቀዝቅዙት፣ አንድ ተኩል ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው (9 ግራም ያህል) ይበጥብጡበት። መፍላቱን አይዝለሉ፤ ቢጠጡት የማይጎዳ ውኃ በአፍንጫ ሲገባ ሊጎዳ ይችላል። መርፌው በተነቀለ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ በአፍ እየተነፈሱ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ሦስት ሲሪንጅ በዝግታ ይግፉ። ከገፋፉት ወደ ጆሮ ይሄዳል። ካቃጠለዎት ጨው አንሷል ወይም በዝቷል፤ ልክ የሆነው አያቃጥልም። የተረፈውን በማግስቱ ይድፉት። ጠዋትና ማታ ይበቃል፤ ግን ከጉዞ በፊት አንድ ሰዓት ይቅደም፣ አለዚያ መሪ ላይ ሆነው ይንጠባጠብብዎታል።

ሁለተኛው የስቴሮይድ ስፕሬይ ነው፤ ፍሉቲካሶን፣ ሞሜታሶን ወይም ቤክሎሜታሶን። ይህ ከመጀመሪያው ጋር መምታታት የለበትም። ወዲያው አይከፍትም፣ በሱስም አያስይዝም፤ ሙሉ ጥቅሙ የሚታየው በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ሲወሰድ ነው። ፍሉቲካሶን ለአዋቂ አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ፣ በየቀዳዳው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ይወስንልዎት። በአፍንጫ አለርጂና እብጠት ላይ ጥሩ ይሠራል፤ በቱቦው ላይ ብቻውን ተአምር የሚያደርግ ግን አይደለም፣ ይህን አውቀው ይግዙት። ብዙ ሰው አነፋፉ ላይ ይሳሳታል። ራስ ወደ ኋላ አይቀለበስም፣ ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል። በቀኝ እጅ ግራውን ቀዳዳ፣ በግራ እጅ ቀኙን፤ ጫፉ ከመሐለኛው አጥንት ርቆ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዙር። ከነፉ በኋላ በኃይል አይሳቡ። ጉሮሮዎ ውስጥ ከመረረዎት መድኃኒቱን ዋጡት እንጂ አፍንጫዎ አላገኘውም።

አሞክሳሲሊን ገዝተው ከሆነ ያቁሙት አንልም፤ ያዘዘልዎት ሐኪም ካለ ይጨርሱ። ትኩሳት፣ መግልና ኃይለኛ ሕመም በሌለበት ለተደፈነ ቱቦ አንቲባዮቲክ ጀምሩ ግን አንልም። የአለርጂ ክኒን የሚረዳው አለርጂ ካለ ብቻ ነው፤ በተለይ ክሎርፌኒራሚን ያስተኛልና ውጦ ደንገጎን መንዳት አይታሰብም።

ስለ ጫቱ ጠይቀዋል፤ መጠየቅዎ ደግ ነው፣ ብዙ ሰው ይህን ከሐኪም ይደብቃል። ይያያዛል፣ በሦስት በኩል። የመጀመሪያው የመንጋጋ መገጣጠሚያው ነው። መገጣጠሚያው የሚገኘው ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት፣ ጣት በማይሞላ ርቀት ነው። በርጫ ላይ አራት አምስት ሰዓት በአንድ ጉንጭ ቋጥሮ የሚያኝክ ሰው መገጣጠሚያውና ጡንቻው ይዝላል፤ ሕመሙና መጫኑ ጆሮ ውስጥ ያለ ይመስላል፣ ታምቡሩ ሲታይ ግን ጤነኛ ነው። ለመለየት ጣትዎን ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ያድርጉና አፍዎን ይክፈቱ፣ ይዝጉ። እዚያው ላይ ካመመዎት፣ ከቀጨቀጨ፣ ወይም የሚቋጥሩት በቀኝ ጉንጭዎ ከሆነ ከፊሉ ችግር የመንጋጋ ነው። ለእሱ ማስቲካ አይሆንም፤ ቁልቁለቱን በውኃ መዋጥ ይውረዱ። ቁልቁለት ላይ ብቻ የሚብሰው ግን መንጋጋ ሳይሆን ቱቦ ነው፤ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ሁለተኛው፣ ጫት አፍ ያደርቃል፣ ሲጋራና ሺሻ ከተጨመረበት ደግሞ ቱቦውን የሚያጸዱትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያዳክማል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ክኒኖች፣ በተለይ ፕስዩዶኤፌድሪን ያለባቸው፣ እንደ ጫቱ ሁሉ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራሉ። ሁለቱን በአንድ ከሰዓት መደራረብ ለልብ አደጋ ነው፤ ክኒን ሲገዙ «እቅማለሁ» ብለው ይናገሩ።

አንድ ተቃራኒ ነገርም አለ። የራስዎ ድምፅና ትንፋሽ በጆሮዎ ውስጥ እንደ ዋሻ ካስተጋባ፣ ሲተኙም ከለቀቀዎት፣ ቱቦው የተደፈነ ሳይሆን መዘጋት ያቃተው ነው። ብዙ ኪሎ በቀነሱ ሰዎች ላይ ይታያል፤ አፍንጫ የሚከፍት ስፕሬይ ያብሰዋል። የእርስዎ ደብዳቤ ይህን አይመስልም።

ጤና አዳሙን በተመለከተ፣ እናትዎን አይቀየሟቸው፣ አስበውልዎት ነው። ግን በጆሮ ቀዳዳ የሚንጠባጠብ ማንኛውም ነገር ታምቡሩ ላይ ይቆማል፤ ቱቦው ደግሞ ከታምቡሩ ማዶ ነው፣ አይደርስበትም። ታምቡሩ ተበስቶ ከሆነ ግን ዘይቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ያ ጣጣ ያመጣል። ክብሪት፣ የፀጉር መርፌ፣ ባለ ጥጥ እንጨትም እንደዚሁ ይቅሩ።

ወደ ልጅዎ እንምጣ። እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ የሚያስገርም ነገር አለው። የቦሌ አየር ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ የአውሮፕላን ውስጥ አየር በበረራ ላይ የሚያዘው ደግሞ ቢበዛ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር በሚመጣጠን ግፊት ነው። ስለዚህ ከድሬ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ሲያርፍ ጆሮው ብዙም አይሰማውም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬ የሚመጣው ግን ከ1,100 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ከደንገጎው ይበልጣል። ባለቤትዎ መጠንቀቅ ያለባት እዚህ ለማረፍ ሲወርዱ ነው። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ መውረዱ ከመሐሉ ብዙም ሳይርቅ ይጀምራል። ያኔ ሕፃኑ ከተኛ ትቀስቅሰው፤ የተኛ ልጅ አይውጥም። ቀና አድርጋ ጡቷን ወይም ጡጦ ትስጠው። ርቦት እንዲቆይ ቦሌ ላይ አጥግባ አትሳፈር። ቢያለቅስም አትደናገጥ፣ ልቅሶውም ቱቦውን ይከፍታል። የሕፃናት ቱቦ አጭርና ጋደም ያለ ስለሆነ ጉንፋን ወደ ጆሮ ቶሎ ያልፋል፤ በጉዞው ሳምንት ትኩሳት ካለው ወይም ጆሮው መግል ካወጣ ከመሳፈራቸው በፊት ሐኪም ይየው። የአዋቂውን ስፕሬይ ለሕፃን እንዳትነፋ።

እርስዎ ራስዎ ግን ይህን ሁሉ እያደረጉም ቢሆን በዚህ ሳምንት ይታዩ። ጉንፋን የደፈነው ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይከፈታል። በአንድ ጆሮ ብቻ አምስት ሳምንት የቆየ በአዋቂ ሰው ላይ ግን ዝም አይባልም፤ ከአፍንጫ ጀርባ ያደገ ነገር ቱቦውን ዘግቶት እንዳይሆን መታየት አለበት። ይህ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም፣ ግን ሳይታይ አይታለፍም። ከጤና ጣቢያ ቢጀምሩም በመሣሪያ ጆሮዎን አይተው ኩክ መሆን አለመሆኑን ይነግሩዎታል፤ ኩክ ከሆነ ያነበቡት ሁሉ ቀርቶ በእጥበት ያልቃል። ካልሆነ ወደ አንገት በላይ ሐኪም እንዲልኩዎት ይጠይቁ። እዚያ የታምቡሩን እንቅስቃሴና መስማትዎን ይለኩልዎታል፣ በአፍንጫ ቀጭን ካሜራ አስገብተው የቱቦውን አፍ ያያሉ። ሦስት ነገር ሳይረሱ ይንገሩ፦ ስፕሬዩን ስንት ቀን እንደተጠቀሙ፣ እንደሚቅሙ፣ በነፉ ጊዜ እንዳዞረዎት። የስፕሬዩን ጠርሙስ በኪስዎ ይዘው ይሂዱ። መግል ወይም ደም ከጆሮዎ ከወጣ፣ አፍንጫዎ በአንድ በኩል ከደማ፣ አንገትዎ ላይ እብጠት ካገኙ ወይም ፊትዎ በአንድ ወገን ከዛለ ቀጠሮ አይጠብቁ።

እስከዚያው ስለ «ወራጅ» ጠቡ። መሪው በግራ ስለሆነ ወደ ተሳፋሪው የሚዞረው ያው የተደፈነው ቀኝ ጆሮዎ ነው፤ ሰዎቹ ባይፈረድባቸውም እርስዎም አልዋሹም። ረዳትዎ «ወራጅ» በተባለ ቁጥር ከመጮህ ይልቅ ትከሻዎን መታ ያድርግዎት፤ የኋላ መኪና ጡሩምባም በቀኝ በኩል ስለሚያመልጥዎት ከመታጠፍዎ በፊት የቀኙን መስታወት ሁለቴ ይዩ።